ሰይቼንቶዋን ያቀለልንበት በጋ

ፀሐይ ላይ የዋለ አሮጌ መኪና በሩ ሲከፈት የሚወጣ ሽታ አለ፤ የጋለ የፕላስቲክ ወንበር፣ ጥቂት ቤንዚን፣ ጥቂት አቧራ። ሌላው ሰው ፊቱን አጨማዶ መስኮት ያወርዳል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በረጅሙ እስበዋለሁ። በቀደም አንድ የታክሲ ሹፌር እንዲህ ስሆን አይቶ፣ «እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። አሰብ ደርሼ እየተመለስኩ ነበር።

አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ለመውለድ ደሴ ሄዳለች፤ እኔ ደግሞ ተመልሳ እንደማትመጣ ደምድሜያለሁ። ይህን የደመደምኩት ማንም ነግሮኝ ሳይሆን መኪናችንን አይቼ ነው።

መኪናችን እንቁላል የመሰለች ነጭ ፊያት ሰይቼንቶ ነበረች። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። አባቴ ጌታሁን አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ በዓለም ላይ ከሚወዳቸው ነገሮች ሁለተኛዋ ይህች መኪና ናት። አንደኛዋ እናቴ መሆኗን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ደረጃው ለእኔ ግልጽ አልነበረም። ነዳጅ በሚጣራበት ከተማ እየኖርን ቤንዚን የሚሰጠን በኩፖን ነበር፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኛ ነን። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ በብስክሌት እየሄደ ኩፖኑን ለሰይቼንቶዋ ይቆጥብላታል። ላቡ ከሸሚዙ ላይ ደርቆ ጨው እየሆነ ይገባል፤ እሷ ጥላ ሥር ተሸፍና ትውላለች።

ጠቡ የተነሣው ኅዳር ላይ ነው። እናቴ አስቴር እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቷል፤ ሙቀቱ እግሯን አሳብጦባታል። አንድ ቀን አብረን ስንገባ አባቴ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርቡራቶር ፈታቶ፣ ቁርጥራጮቹን በእናቴ የሰላጣ ሳህን ቤንዚን ሞልቶ ዘፍዝፏቸው አገኘነው። እናቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

«ጌታሁን፣ ከእኔና ከዚች ቆርቆሮ አንዳችንን ምረጥ!» አለችው።

አባቴ ቀና ሳይል፣ «ቆርቆሮዋ እንኳ ቁልፏን ሲያዞሩት ዝም ትላለች» አለ።

ሲጨንቀው መቀለድ አመሉ ነው። ሌላ ጊዜ እናቴ እየሳቀች ፎጣ ትወረውርበት ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም። ሳህኑን አንሥታ፣ ካርቡራቶሩን ከነቤንዚኑ ደጅ አስቀምጣ፣ መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች።

ሐሙስ በአውሮፕላን ሄደች። እናቷ ዘንድ ደሴ ሄዳ መውለዷ ቀድሞ የታሰበ ነበር፤ እኔም ትምህርት ስላለብኝ እንደምቀር ተነግሮኛል። ግን ልጅ ሁለት ነገር ተከታትሎ ከሆነ አንዱ አንዱን ወለደው ይላል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነፋሱ ነጠላዋን እየነጠቃት፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መሰላሉን ወጣች፤ ዞር ብላም አላየችን። ሆዷ የገፋ ሴት መሰላል ስትወጣ እግሯን ነው የምታየው፤ ይህን ለማወቅ ራሴ እስክወልድ ድረስ መጠበቅ ነበረብኝ።

እናቴ በሄደች በሳምንቱ ጋሽ ፈለቀ የሚባለው የወደብ ጸሐፊ በሠራተኞች ክበብ ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ። ቮልስ ነበረው። «የጣሊያን መኪና ለሽርሽር ነው፤ የጀርመን መኪና ለሥራ ነው» አለ። አባቴ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጋሽ ተክሌ የአሥመራ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ የእሽቅድምድም መኪና በሚሠራ ጋራዥ ውስጥ አድጓል። አንድ መኪና ሲሰደብ የቤተሰቡ ሰው የተሰደበ ያህል ይቆጣል።

«በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ እንተያይ» አለ፤ መኪናዋ የእሱ አለመሆኗን ረስቶ።

ቦታውም ተመረጠ። ወደ ራሔይታ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ አጠገብ ጠፍጣፋ ሜዳ አለ። ፍየሎቹን እዚያ የሚያሰማራ አሊ የሚባል የአፋር ሽማግሌ በባዶ ተረከዙ መሬቱን እየደበደበ፣ «ይሄ ጠንካራ ነው። ወላሂ፣ ይሄኛው ግን ጎማህን ይበላዋል» እያለ መስመሩን አሳየን። ጠዋት፣ ፀሐይ አሸዋውን ሳታደርቀው፣ መሬቱ እንደ አስፋልት ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ውድድር» የሚለውን ቃል አልወደደውም፤ «የሞተር ፍተሻ በሉት» ብሎ ፈቀደ፤ ለፍተሻውም ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው እሱ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ግቢያችን ጋራዥ ሆነ። ጋሽ ተክሌ የሞተሩን ራስ፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉትን፣ አውጥቶ ለመላጨት ወሰደው። እኔ ጸጉር አስተካካዩ ቤት የወሰደው መስሎኝ ምን ጸጉር አለው ብዬ ስጨነቅ ነበር። ኋላ ሲገባኝ ብረቱ በማሽን ተፍቆ ይሳሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍስበት ስለሚጠበው ጉልበቱ ይጨምራል። ከወደቀ መኪና የተገኘ ተለቅ ያለ ካርቡራቶር ገባላት። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ተቆርጦ አጠረ፤ ድምጿም ከዚያ በኋላ የጎረቤት ሕፃናትን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሆነ። ጋሽ ተክሌ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል።

«ነይ ጓለይ፣ ስሚያት» ይለኛል፤ ልጄ ማለቱ ነው።

ካቻቪቴውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ በሩቅ ሰው የሚያወራ የሚመስል ነገር ይሰማኛል። ምን አለች ሲለኝ፣ «ቸኩላለች» አልኩት። ጋሽ ተክሌ ለአባቴ፣ «ይቺ ልጅ አንተን ትበልጥሃለች» አለው። ያን ቀን እራት አልበላሁም፤ በኩራት ጠግቤ።

ከዚያ ማቅለሉ መጣ። የጋሽ ተክሌ እምነት አጭር ነው። «መኪና በሁለት መንገድ ነው የምትፈጥነው፤ ወይ ጉልበት ትጨምርላታለህ፣ ወይ የማያስፈልጋትን ታወርድላታለህ። ጉልበቱን ጨርሰናል። አሁን የማያስፈልጋት ምንድን ነው?»

ከዓሣ አጥማጆች የተንጠልጣይ ሚዛን ተዋሰና በረንዳችን ብረት ላይ ሰቀለው። ሚዛን አንባቢዋ እኔ ነኝ። መለዋወጫ ጎማው ወረደ፤ የኋላው ወንበር ወረደ፤ ምንጣፉ፣ የፊትና የኋላ መከላከያው፣ ክሪኩ፣ የዕቃ ማስቀመጫው መክደኛ ሳይቀር ወረደ። እያንዳንዱን ሲሰቅሉት ቁጥሩን በጩኸት እናገራለሁ፤ እነሱ ጎል የገባ ይመስል ያጨበጭባሉ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ የሚሰማኝ ሰው አላገኘሁም።

ገናን ባከበርን ማግሥት ከሰዓት በኋላ አባቴ ካቻቪቴና የአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ይዞ ወደ ጋቢናው ጎንበስ አለ። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር የእናቴ ነው። ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የአንገቷን ጀርባ ነበር። አራት ቡሎን ፈታና ወንበሩን ነቅሎ አወጣው።

«አባዬ፣ ይሄስ ይቅር» አልኩት።

«ማን ይቀመጥበታል?» አለኝ፤ ሚዛኑ ላይ እየሰቀለው።

አነበብኩት፤ አሥራ አንድ ኪሎ። በጩኸት ሳይሆን ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። እነሱ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አጨበጨቡ። ወንበሩን ወስደው ዕቃ ቤት፣ ከማያስፈልጉት ነገሮች ጋር ከመሩት። እኔ ያን ጊዜ አለቀ አልኩ። ምረጥ ብላው ነበር፤ መረጠ። መርጦም አወረዳት።

ለማንም አልተናገርኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ እኔ አውቀዋለሁ። የወደቡን ጭነት ወደ ደሴ የሚያመላልስ አንድ ሹፌር ደብዳቤ ይዞልን መጣ። እናቴ ወንድ ልጅ መውለዷንም በቃሉ አበሠረን። አባቴ ሰውዬውን አቅፎ ከመሬት አነሣው።

«እሷስ መቼ ትመጣለች?» አልኩት ሹፌሩን።

«እሱን አልነገረችኝም፣ የኔ እናት» አለኝ።

አባቴ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው። ደስታው ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ። አጥፎ የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ መኪናዋ ሄደ። ምን ትላለች ብዬ ስጠይቀው፣ «ደህና ናት፤ ሳመችሽ» ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ሞተሯን ማታ ማታ ሳይሆን በየደቂቃው ሲነካካ ሰነበተ፤ ተሠርቶ ያለቀውን እንደገና ይፈታል፣ ይገጥማል። ጋሽ ተክሌ እንኳ፣ «በቃ ተዋት፣ ሰውየው፤ ታምማለች» አለው።

የውድድሩ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። አሰብ ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። አባቴ ተኛ። እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ የእናቴን ወንበር እየጎተትኩ አወጣሁት። አሥራ አንድ ኪሎ ለአሥር ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም፤ ሦስት ቦታ አረፍኩ። ጋቢናው ውስጥ ከሐዲዱ ጋር አገጣጥሜ አራቱንም ቡሎን አሰርኩ። ቡሎን ሲጠብቅ የሚያሰማውን ትንሽ ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጋሽ ተክሌ አስተምሮኛል። ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ የጋለው ፕላስቲክ ክንዴን እየለበለበኝ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከዚያ መኪናዋን በሸራዋ መልሼ ሸፈንኳትና ገብቼ የተኛሁ መሰልኩ።

ጠዋት አባቴ ሸራውን ገፎ ለማየት ጊዜ አልነበረውም፤ ጋሽ ተክሌ እንደተሸፈነች በጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ሜዳው ድረስ ወሰዳት፤ ሞተሯ እንዳይግል ነው። አሸዋው ላይ ሁለት በርሜል ቆሟል፤ በሩቁ ሌላ ሁለት። ከማጣሪያውም ከወደቡም ብዙ ሰው መጥቷል። ጋሽ ፈለቀ ቮልሱን በጨርቅ እየወለወለ ነው። አባቴ ሸራውን አነሣ፣ በሩን ከፈተ፤ ቆመ።

«ይሄን ማን መለሰው?»

«እኔ» አልኩ።

«ለምን?»

ሰዉ ሁሉ ይሰማል። ልዋሽ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«እማዬ ስትመጣ የት ትቀመጣለች?»

ጋሽ ፈለቀ ሳቅ ብሎ፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይሄ ነው» አለ። የሳቀለት ግን አልነበረም። ጋሽ ተክሌ የአሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ነበር።

«ጌታሁን፣ አምስት ደቂቃ ነው። ላውርደው?»

አባቴ ወንበሩን አየ፤ እኔን አየ። እጁን አንድ ጊዜ ደረት ኪሱ ላይ አደረገ።

«ተወው» አለ።

«አሥራ አንድ ኪሎ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፤ ተወው። ሂሩት፣ ባዶውን ከምንጭነው ግቢና ተቀመጪበት።»

ገባሁ። እግሬ ወለሉ ላይ በቅጡ አይደርስም። ምንጣፍ የሌለው ወለል በጫማዬ ጫፍ በኩል ይንቀጠቀጣል። አሊ ከፊታችን ቆሞ የትከሻ ጨርቁን ከፍ አደረገ። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «በሩን አጥብቀሽ ያዢ» አለ፤ ጨርቁ ወረደ።

ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ጠጠሩ ወለሉን ከሥር እንደ በረዶ ይደበድበዋል፤ ማርሚታዋ ትጮኻለች፤ እኔም እጮኻለሁ፤ አባቴም የሆነ ነገር እየጮኸ ነው። ቀድመን ነበር! በቀኝ በኩል ቮልሱ የለም፤ ከኋላ ነው። አባቴ ማርሽ ሲቀይር ክርኑ ይነካኛል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ከግማሽ በኋላ የቮልሱ አፍንጫ በመስኮቴ በኩል ብቅ አለ። ቀስ ብሎ መጣ፤ የጋሽ ፈለቀ ጢም ታየኝ። አባቴ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦታል። በርሜሎቹ ጋ ቮልሱ በአንድ ሜትር ቀደመን። አንድ ሜትር፣ የአንድ ወንበርና የአንዲት ልጅ ክብደት።

አባቴ በርሜሎቹ ጋ አልቆመም። ሰዉ እስኪያንስ፣ ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ ነዳ። ባሕሩ አጠገብ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ብረቱ እየቀዘቀዘ ቅጭ ቅጭ ይላል።

«እማዬ አትመጣም ያለሽ ማን ነው?» አለኝ።

«አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ማን ይቀመጥበታል አላልክም? መርጠሃል።»

አባቴ መሪው ላይ ግንባሩን አስደገፈ። ስለተሸነፈ ነው ብዬ አዘንኩለት፤ ግን ስለ ውድድሩ አልነበረም። ደብዳቤውን አውጥቶ፣ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሣ ሊቀደድ የደረሰውን ወረቀት፣ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እናቴ ልጁ ጤነኛ መሆኑን ጽፋለች። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «አርባ ቀኑ ሲሞላ ራስህ መጥተህ ክርስትና ካላስነሣኸውና ካልወሰድከን፣ እዚሁ እቀራለሁ። ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቻለሁ። ለሂሩት ምንም አትንገራት፤ ልጅ ናት።»

«አርባ ቀኑ መቼ ነው?» አልኩት።

«የፊታችን ቅዳሜ።»

«ታዲያ ለምን አልሄድክም?»

ወደ ባሕሩ እያየ፣ «ሄጄ አልመጣም ብትለኝስ?» አለኝ።

አባቴ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግፊት የሚፈነዳበት ቦታ የሚሠራ ሰው ነው። እጁን ያዝኩት፤ የቤንዚንና የቅባት እጅ።

«ብትልህም ሂድ» አልኩት።

በዚያው ዕለት የሥራ ፈቃድ ጠየቀ፤ ሲያየን የነበረው የቀበሌ ሊቀመንበርም የጉዞ መሸኛውን እሑድ ቀን ቢሮ ከፍቶ ጻፈለት። ሰኞ ጠዋት ከዚያው ደብዳቤ ካመጣው ሹፌር ጋር የጭነት መኪናው ላይ ወጣ። እኔ ጋሽ ተክሌና ባለቤቱ አደይ ለተብርሃን ዘንድ ቀረሁ። ጋሽ ተክሌ ስለ ሽንፈቱ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ማታ ማታ ብቻ፣ «አንድ ሜትር!» እያለ ራሱን ሲነቀንቅ እሰማው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጭነት መኪናው በራችን ላይ ቆመ። ሮጬ ወጣሁ። የጋቢናው በር ተከፈተና አባቴ ወረደ፤ ጺሙ አድጓል፣ ቅንድቡ አቧራ ነው። ብቻውን መሰለኝ። እሱ ግን ዞሮ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተቀበለ። ከዚያ የእናቴ እግር መርገጫውን በአየር ላይ ሲፈልግ አየሁ።

«ሂሩቴ!» አለች ገና ሳትወርድ።

ሁለት ወር ሙሉ እንዴት እንደምሮጥላት ሳስብ ነበር። አልሮጥኩም። ቀስ ብዬ ሄጄ በሁለት ቡጢዬ ጭኗን፣ ሆዷን፣ ያገኘሁትን እመታት ጀመር። «ለምን ዘገየሽ! ለምን ዘገየሽ!»

«ሂሩት!» አለ አባቴ።

«ተዋት» አለችው እናቴ። እስክደክም ድረስ ተመታችልኝ። ከዚያ አቧራው ላይ ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ እኮ አልመጣም ያልኩት አባትሽን ነው» አለችኝ። «አንቺን መቼ አልኩሽ?»

«እኔም እኮ እዚሁ ከእሱ ጋር ነበርኩ» አልኳት።

እናቴ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ቀብራ አለቀሰች፤ እኔም ጀርባዋን እየደባበስኩ፣ እሷ ለእኔ እንደምትለው፣ «በቃ፣ በቃ» አልኳት።